ቡና መጋዘን የዋለው ልጃችን

የጃንሆይ ዘመኗን ዲላ ሳስብ ትዝ የሚለኝ የቡናው ወቅት ነው። ያኔ ሞግዚት ማግኘት ከባድ ነበር። እኔ አስተማሪ፣ ባለቤቴ ታደሰ የመንግሥት ጸሐፊ ነበርን፤ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ የሚተርፈን ትንሽ ነው።

አንድ ጠዋት ሞግዚታችን አስቴር፣ “እትዬ፣ ነጋዴው ሀጂ መጋዘናቸው ውስጥ ቡና ለሚለቅሙት ሴቶች ልጆቻቸውን እንድጠብቅ በተሻለ ደመወዝ ቀጥረውኛል” ብላ ተሰናበተችን።

ታደሰ ተናደደ። “ሠራተኛ ልጁን የት ይጣል? መንግሥት ሊደጉመን ይገባል።”

“መንግሥት ምን አገባው? እሱ አልወለደው” አልኩት።

ልጄን ከሌሎቹ ጋር እንዲያስይዙልኝ ሀጂን ሄጄ ለመንኳቸው። “ልጄ፣ ይሄ ለለቃሚዎቼ ብቻ ነው። ላንቺ ከፈቀድኩ ከተማው በሙሉ ይመጣብኛል” አሉኝ።

በማግስቱ ታደሰ አነጋግሯቸው መጣና “ተፈቅዷል” አለኝ። የመንግሥት ሰው ስለሆነ አፍረውት ነው ብዬ ኮራሁ። ልጃችንም እዚያው አስቴር ዘንድ መዋል ጀመረ። ታደሰ ግን ቅዳሜ ከሰዓት “ቢሮ ሥራ አለብኝ” ማለት አበዛ።

አንድ ቅዳሜ ፈተና አርሜ ስጨርስ ልጄን ላመጣ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ሴቶቹ ተደርድረው ይለቅማሉ። በመካከላቸው አንድ ወንድ ከረባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ አቀርቅሮ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ይለያል።

“ታደሰ?” አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝና ከተቀመጠበት ጆንያ ላይ ፈቀቅ አለልኝ። “ቁጭ በይ” አለኝ። “ሁለት ስንሆን ቶሎ ያልቃል።”