የጥሩንባ ነፊው የክርስትና ስም

ቅዳሜ ጠዋት ከቶርንክሊፍ ፓርክ የተነሣሁት አንድ ስም ፍለጋ ነው። ጥሩንባ ነፊው ጋሽ በላይ ካረፉ ዛሬ ሠላሳ ስምንት ቀናቸው፤ ሰኞ አርባቸው ነው። ቄሱ ደውለው፣ "የክርስትና ስማቸውን ያምጡልኝ፤ በዓለም ስም ጸሎት አይደረግም" አሉኝ። እዚህ ስደት አገር ዘመድ የላቸውም። የሚያውቅ ቢኖር አዲስ አበባ አብረው ከነፉበት ባንድ የቀሩት ትሮምቦን ነፊው ጋሽ ሽፈራው ናቸው፤ የሚኖሩት በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ዌስተን ነው።

ከአፍጋኖቹ ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ገዝቼ በካፖርቴ ሸፍኜ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ይወርዳል። ከዚያ የምድር ውስጥ ባቡር፣ ከዚያ ደግሞ የአየር ማረፊያው ባቡር። በመስኮት የሚታየው የፋብሪካ ጀርባና አጥር ብቻ ነው። ዳቦው ዌስተን ሳይደርስ ቀዘቀዘ።

እኔ እንኳ ሙዚቀኛ አልነበርኩም። አዲስ አበባ፣ ባንዱ የሚጫወትበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ወንበር ደርዳሪ፣ የኖታ ማቆሚያ ዘርጊ ነበርኩ። እነ ጋሽ በላይ አሥራ አንድ ሰዎች፣ ነጭ ኮት፣ ጥቁር ክራባት። የፈረንጁን ስዊንግ ሲነፉት ወለሉ በጭፈራ ይርድ ነበር። ኖታ ማንበብ አልችልም፤ የማን ወረቀት እንደሆነ ግን በመሣሪያቸው ዘይት እድፍ እለያለሁ። የጋሽ በላይ ሁልጊዜ ቀኝ ጥጉ ነበር የሚቆሽሸው። ኋላ ሰዓት እላፊ መጣ፤ ጭፈራው ቀረ፤ ባንዱም ተበተነ።

የጋሽ ሽፈራውን በር የከፈተችልኝ የልጅ ልጃቸው ናት። "ጋሼ፣ ኮል ቢያደርጉ ኖሮ አያቴን ጺሙን እላጨው ነበር!"

ጋሽ ሽፈራው ከሶፋው ሳይነሡ፣ "ወንበር ደርዳሪው! ዛሬስ የማንን ማቆሚያ ሰበርክ?" አሉኝ።

ይዤ የመጣሁትን የባንዱን ፎቶ ጉልበታቸው ላይ አኖርኩና የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ጣታቸውን ፎቶው ውስጥ ባሉት ጋሽ በላይ ላይ አሳረፉ።

"አሥራ ሁለት ዓመት አጠገቡ ነፋሁ። የት ጋ ትንፋሽ እንደሚወስድ አውቃለሁ። የክርስትና ስሙን ግን አልጠየቅሁትም። ቅዳሜ እያመሸን፣ እሑድ እየተኛን፣ የትኛችን ቤተ ክርስቲያን ደረስን?"

ከዚያ ከንፈራቸውን አሹለው የድሮ ድርሻቸውን ማንጎራጎር ጀመሩ። መሐል ላይ ቆም አሉ።

"እዚህ ጋ እሱ ነው የሚገባው።"

ጠበቅን። ማሞቂያው ብቻ ይንሾካሾካል።

ልሄድ ተነሥቼ ከበሩ ተመለስኩ። "የእርስዎስ የክርስትና ስም፣ ጋሼ?"

"ወልደ ገብርኤል። ያንተስ?"

"ኃይለ ጊዮርጊስ።"

ልጅቱ ሁለቱንም ስም ፎቶው ጀርባ ላይ ጻፈችልን። "ዋይ? ለምንድን ነው?" አለች።

"ለተዝካራችን ከወዲሁ ወንበር እየያዝን ነው" አሏት ጋሽ ሽፈራው።

ቤቴ ገብቼ ለቄሱ ደወልኩና ስሙ እንዳልተገኘ ነገርኳቸው። "እግዜር ያውቃቸዋል" ብለው አጽናኑኝ። እሱማ ያውቃቸዋል። የማላውቃቸው እኔ ነኝ። መንገዱ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው፤ ሰውን አፉ ሳይዘጋ ጠይቁት። ፎቶውን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ከስሞቻችን አጠገብ ቀኝ ጥጉን ለጋሽ በላይ ባዶ ትቼዋለሁ።