«ወባ የለም» ብዬ የጻፍኩላት ሴት

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከዩኒቨርሲቲው ወደ አሶሳ ገበያ በሚሄድ ባጃጅ ተሳፍሬያለሁ። ለላቦራቶሪ የሙያ ፈቃድ ፈተና አንድ ሳምንት ነው የቀረኝ... ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ማስታወሻዬን ከፍቼ አነበንባለሁ።

«ወባ የለም ከማለት በፊት በማይክሮስኮፕ ቢያንስ መቶ ቦታ መታየት አለበት...»

አጠገቤ የተቀመጡ የበርታ ብሔረሰብ እናት ትኩር ብለው ያዩኛል። ጭናቸው ላይ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ ተኝታለች።

«አንተ ደም የሚወስድ ልጅ ነህ» አሉኝ። አማርኛ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ስለሆነ እኔን ሴቷንም ሌላውንም ሁሉ «አንተ»፣ «እሱ» ነው የሚሉት።

ሳቄ መጣ። «አዎ እናቴ፣ እንዴት አወቁኝ?»

«አምና... ጤና ጣቢያ። የሴት ልጄን ደም ወሰድክ። ወባ የለም አልክ።»

አምና ለተግባር ልምምድ የተመደብኩበትን ጤና ጣቢያ ጠሩልኝ። እሳቸውንም ልጃቸውንም ግን ጭራሽ አላስታወስኳቸውም።

«አሁን ደህና ናት?»

«ሞተ።» ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም። «ሦስት ቀን ቆየ፣ ሞተ። አንተ ወባ አይደለም አልክ። እኛ የአላህ ነው አልን።»

ያኔ ወረፋው እስከ ውጭ በር ይደርስ ነበር፤ መብራት ሳይጠፋ ብለን እንጣደፍ ነበር። ለእሷ መቶ ቦታ አይቼላታለሁ? ሃምሳ? ሃያ?... አላውቅም።

የትንሿ ልጅ እግር እጄን ነካኝ። እሳት ነው።

«ይህቺስ ምን ሆና ነው?»

«የሱ ልጅ ነው» አሉ፤ የሟቿ ማለታቸው ነው። «ትኩሳት አለው። ሼኹ ጋ እወስደዋለሁ። የናንተ መሣሪያ የኛን በሽታ አያውቅም።»

«እናቴ በፈጠረዎት... መጀመሪያ ክሊኒክ እንሂድ፣ ከዚያ ሼኹ ጋ ይሄዳሉ» ብዬ ለመንኳቸው። እንቢ አሉ። ደግሜ ለመንኳቸው። በመጨረሻ እሺ ሲሉኝ ባጃጁን አስቁሜ ወረድን።

ክሊኒኩ ውስጥ የልጅቷ ደም ስላይድ በሚባለው መስታወት ላይ ሲቀባ፣ የማውቀውን የላቦራቶሪ ባለሙያ «አንተ ከማየትህ በፊት እኔ ልየው» አልኩት። እየቆጠርኩ አየሁ። አርባ... ባዶ። ስልሳ... ባዶ። ዓይኔ ውኃ ሞላ። ስልሳ ሦስተኛው ላይ አገኘኋት... ወባዋን። እሱም አይቶ «ትክክል ነሽ» አለኝ።

«ወባ ነው?» አሉ እናትየዋ።

«አዎ እናቴ። መድኃኒት አለው፣ ትድናለች።»

ቀስ ብለው «ያኔስ?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር... አፌ እንቢ አለኝ። «አላውቅም እናቴ። ያን ቀን ቸኩዬ ነበር።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልሰደቡኝም። መድኃኒቱን መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩ፣ ልጅቷን አዘሉ፣ በሩ ላይ ዞር አሉና...

«ስሙ ሀዋ ነበር» ብለውኝ ወጡ።

ዛሬ ጠዋት ለክትትል ይዘዋት እንደመጡና ትኩሳቷ እንደወረደ ባለሙያው ደውሎ ነገረኝ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

ግን ከትናንት ጀምሮ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚታየኝ የራሴ እጅ ነው... ስላይድ ላይ በእርሳስ «ሀዋ» ብሎ ሲጽፍ።