ባትሪ ያለው ሰው በሙቀት ሲነድ

ዛሬ እኩለ ቀን ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ እዚህ እስራኤል የኔቬ ኦዝ ሰፈራችን መብራት ድርግም አለ። እኔ ግን ደስ አለኝ!

ጣራዬ ላይ የፀሐይ ፓኔልና ባትሪ ካስገጠምሁ ወር ሆኖኛል። የመብራት ሂሳቤ እንደቀነሰ ያልነገርሁት ሰው የለም።

መንገድ ላይ ቆሜ "ያላ፣ ሁላችሁም እኔ ቤት ኑ፤ ቀዝቃዛ መዝጋን አለ!" ብዬ፣ ቤት ማቀዝቀዣውን ማለቴ ነው፣ ተጣራሁ። ጎረቤቶቼ ተከተሉኝ። እማማ ጥሩነሽም የስኳር መድኃኒታቸውን ፍሪጄ ውስጥ ሊያስቀምጡ ይዘው መጡ።

በሩን ከፍቼ ስገባ መዝጋኑ ጸጥ፣ ፍሪጁም ጸጥ።

ላብ እያጠመቀኝ፣ የስልኩን ድምፅ ከፍቼ፣ ባትሪውን ለገጠመልኝ ቴክኒሻን ደወልሁ። "መብራት ሲጠፋ ቤቱን ወደ ባትሪው የምታዞርበት ማብሪያ አለ። አሳይቼህ ነበርኮ!" አለኝ።

እናቴ ከሶፋው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ሰውየው ሲያሳይህ አንተ ከባትሪው ጋር ፎቶ ትነሳ አልነበር?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ፎቶውን እዚሁ ፌስቡክ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ማብሪያው ከትከሻዬ በላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አዞርሁት፤ መብራት መጣ፤ መድኃኒቱም ፍሪጅ ገባ። እማማ ጥሩነሽ መረቁኝና "ልጄ፣ ከእንግዲህ ዕቃ ስትገዛ እናትህ ትረከብልህ" አሉኝ።

እናንተስ፣ ፎክራችሁበት አጠቃቀሙን ሳታውቁ የተያዛችሁበት ዕቃ የለም? ኧረ ተናገሩ፣ ብቻዬን አታሳፍሩኝ!