ድመቴን ያዞሩብኝ ሴትዮ

የረጠበ ጆንያ ሽታ አሁንም ደሜን ያፈላዋል። በምሠራበት ቤተ ሙከራ የአይጦቹ መኖ ዝናብ በመታው ጆንያ ሲመጣ፣ ሽታው ኮልፌ ወደነበረው የኪራይ ቤታችን ግቢ ይመልሰኛል።

ክረምት ነበር። አከራያችን እትዬ አስካለ «ጫጩቴን በላች» ብለው ድመቴን ጆንያ ውስጥ ከተቱ፣ እያየሁ አፉን አሰሩት፣ መመለሻው እንዲጠፋት እንደ ሰፈሩ ልማድ ደጋግመው አዞሯትና በወንድማቸው ታክሲ ከከተማው ዳር ሳንሱሲ ድረስ ወስደው ጣሏት። ጫጩቱን የወሰደው ጭልፊት መሆኑን ግቢው ሁሉ ያውቅ ነበር። «እማዬ፣ ንገሪያቸው!» ብዬ ሳለቅስ እናቴ አፌን በመዳፏ ይዛ፣ «ዝም በይ፤ በሰው ቤት ነው ያለነው» አለችኝ። በር በሩን እያየሁ ክረምቱ አለፈ፤ ድመቴ አልመጣችም።

መስከረም ሲጠባ ማልቀሱን ትቼ ወደ በቀል ዞርኩ። እትዬ አስካለ ከሰው አብልጠው የሚወዷቸው ዶሮዎች ነበሯቸው። ከኩሽናችን ጀርባ በተሰነጠቀ ባኞ ውስጥ ጭድ አንጥፌ፣ በየጠዋቱ እዚያው ቦታ በቆሎ እበትን ነበር። መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ወደ እሳቸው ጓሮ ይሮጡ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን በቆሎው ሳይበተን ቀድመውኝ ይጠብቁኝ ጀመር፣ በጋው ሲገባም እንቁላላቸውን ባኞው ውስጥ ይጥሉልኝ ነበር። አንዱንም አልቀመስኩ፤ እየሰበርኩ ለሰፈሩ ድመቶች አበላሁት። እትዬ አስካለ «እነዚህን ዶሮዎች ምን ነካብኝ?» እያሉ ባዶ ቆጥ ሲበረብሩ ሳይ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር። እስከ ዛሬም አልጸጸትም።

አሁን እንጀራዬ ይኸው፣ እንስሳት ቦታን እንዴት እንደሚለምዱ ማጥናት ሆኗል። አይጥ በደፈረሰ የውሃ ገንዳ ውስጥ እንለቅና፣ ከውሃው ሥር የተደበቀውን መቆሚያ ግድግዳው ላይ ባሉት ምልክቶች እየተመራ እንዴት እንደሚያገኘው፣ በማግስቱም ያስታውሰው እንደሆነ እናያለን። አንዳንዴ አቅጣጫው እንዲጠፋበት በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ አድርገን እናዞረዋለን። ያ ተራ እኔ ላይ ሲደርስ ለባልደረባዬ እሰጠዋለሁ።

ባለፈው በልግ፣ እዚያው ሰፈር የምትኖረውን እናቴን ልጠይቅ ስሄድ፣ እትዬ አስካለን ፌርማታው ላይ አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ከገዛ ደጃቸው ማዶ ቆመው፣ «ልጄ፣ ቤቴ በየት በኩል ነው?» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ እያሻገርኳቸው፣ ስንት ዓመት ያመቅኩትን ሁሉ፣ ጆንያውንም፣ ሳንሱሲንም፣ እንቁላሎቹንም ሳይቀር ዘረገፍኩባቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝና እጄን ጠበቅ አድርገው፣ «ውይ የኔ ምስኪን! ማነው እንዲህ የጨከነብሽ?» አሉኝ።

ያኔ ለበቀሌ አንድ እፍኝ በቆሎ ይበቃኝ ነበር። ዛሬ ይህን ሁሉ ተምሬ፣ ለድመቴ ከልባቸው ያዘኑልኝን ሴትዮ ምን ላድርጋቸው?