ላላ ብሎም ይያዝ ብቻ

ከጧቱ 12፡00፣ ባሕር ዳር መናኸሪያ

ብርድ ታቅፌ ነው የወጣሁት። ቀልዴን አይደለም። በጉልበቶቼ መካከል ያቆምኩት ታንክ ውስጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን አለ። እጅ ቢነካው ይለበልባል፤ ክዳኑን ጥርቅም አድርገው ቢዘጉት ደግሞ ይፈነዳል። ስለዚህ ክዳኑ ላላ ይላል፣ ታንኩም ቀስ እያለ ይተነፍሳል።

«ይሄ ነገር ጣራ ላይ ይውጣ» አለኝ የሚኒባሱ ረዳት።

«አይወጣም።»

«ምንድን ነው ለመሆኑ?»

«ብርድ ነው።»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። ታንኩ የሚተነፍሰው ጋዝ አየር እንዳያሳጣን መስኮት ክፈቱልኝ ስል ግን ሳቁ ቆመ። «ኧረ ወንድሜ፣ ንፋስ ልታስመታን ነው!» አሉ አንዲት እናት ነጠላቸውን እየተከናነቡ። ብርድ ታቅፌ ስለ ንፋስ ስከራከር ዘንዘልማን አለፍን። በመጨረሻ ሾፌሩ የራሱን መስኮት ዝቅ አደረገልኝ። ተመስገን ነው።

1፡10፣ ጉማራ ድልድይ

ወንዙ ደፍርሶ ሞልቷል። ከድልድዩ ወዲያ ፎገራ ተዘርግቷል፤ ሩዝ፣ ውሃ፣ እስከ ሆዳቸው ረግረግ ውስጥ የቆሙ ከብቶች። ዓይኔ ጠገበ።

ሥራዬን ልንገራችሁ። ባሕር ዳር አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ኬሚስትሪ እሠራለሁ። በሩዝ ፍሬ ውስጥ ውሃውና ስታርቹ እንዴት እንደተያያዙ አጠናለሁ። የሚያያይዛቸው ነገር ደካማ ነው፤ ትንሽ ሙቀት ያላቅቀዋል። ሞለኪውሎች መንቀጥቀጥ አይተዉም፣ እኔም በዓይን የማይታይ ብርሃን አሳልፌባቸው ንቅጥቅጣቸውን አነባለሁ። ሙቀት ላይ እንደ ገበያ ስለሚንጫጩ ማን ምን እንዳለ አይለይም። ሲቀዘቅዙ ረጋ ይላሉ፤ የእያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ይሰማል። ስለዚህ እሸቱን እንደቀጠፍኩ ማቀዝቀዝ፣ እስከ ቤተ ሙከራም ሳላሞቅ ማድረስ አለብኝ። ሩዙ ወተት የሚይዘው ለጥቂት ቀን ነው። ዛሬ ካመለጠኝ እስከ ከርሞ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ ነው።

2፡00፣ ወረታ

የሩዝ መፈልፈያዎቹ ገና በጧቱ ያጓራሉ። ባጃጆቹ በከረጢት መካከል ይሽሎከለካሉ። ሩዝ የተቀላቀለበት ነጭ እንጀራ በሽሮ በላሁ፣ እጄን እስክልስ ጣፈጠኝ። ከዚያ በባጃጅ ወደ ማሳው።

3፡00፣ እትዬ ጥሩወርቅ ደጅ

እትዬ ጥሩወርቅ ከማሳቸው እሸት እንድወስድ በስልክ የፈቀዱልኝ ገበሬ ናቸው። ታንኩን ሲያዩ እልልታቸውን አቀለጡት።

«ዶክተር መጣልኝ! ግባ፣ ግባ! ላሚቱ ኮርማ ፈልጋ ስትጮህ ነው ያደረች!»

ለካ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ታንክ የሚይዘው ላም አዳቃዩ ነው። የኮርማ ዘር የሚቀመጠው በዚሁ ፈሳሽ ውስጥ ነዋ!

«እናቴ፣ እኔ የሩዙ ነኝ።»

«የሩዙ?» ፊታቸው ክስም አለ። «አይ እዳዬ! ሁለቴ አምልጦኛል። ዛሬም ካለፈኝ እሸጣታለሁ። የፎገራ ዘር ከቤቴ ጠፋ ማለት ነው።»

ጥቁርና ነጭ ቡሬ ላም ናት፤ ታስቀናለች። ስልኩን ከእሳቸው ተቀብዬ ወረታ ያለውን አዳቃይ ይርጋን አገኘሁት። «ናይትሮጅኔ ታንኩ ወለል ላይ ደርሷል» አለኝ። «በሞተር ብንጠው ዘሩ ይሞታል። ናይትሮጅን የሚያመጣልኝ መኪና የሚደርሰው ነገ ነው።» ለላሚቱ ነገ የለም።

እውነቱን ልናገር፣ ዘሩን በእኔ ታንክ ላምጣው ለማለት ልቤ አመነታ። የእኔም ቢሆን ለመመለሻ ብቻ የተለካ ነው። እሸቱን እየቀጠፍኩ ታንኩ ውስጥ መክተት ጀመርኩ።

«ከሩዜ ምን ልታይበት ነው?» አሉኝ።

«ውሃው እንዴት እንደያዘው ነው።»

«ጠበቅ አድርጎ ነው የሚይዘው?»

«የለም፣ ላላ አድርጎ ነው።»

ወደ ላሚቱ ዞሩ። «ላላ ብሎም ይያዝ ብቻ» አሉ።

ከዚህ በኋላ ምን አንጀት ይኖረኛል? ታንኬን ይዤ ደጅ በሚጠብቀኝ ባጃጅ ወደ ወረታ ከነፍኩ። ይርጋ ቀጫጭኖቹን የዘር ቱቦዎች ከእሱ ታንክ ወደ እኔው ሲያሻግር እጁ አይታይም፣ እንደዚያ ይፈጥናል። ሩዝና ኮርማ ባንድ ታንክ ተሳፍረው ከይርጋ ጋር ተመለሱ!

6፡00፣ እዚያው ደጅ

ይርጋ ሥራውን ጨረሰ። «ሦስት ሳምንት ጭጭ ካለች ያዘች ማለት ነው» አላቸው።

የቀረውን ዘር ታንኬ ውስጥ እንዳለ ተውነው፤ ይርጋም ባዶ ታንኩን ይዞ ባሕር ዳር ሊያስሞላ አብሮኝ ሊሄድ ተስማማ። የእንጨት መለኪያዬን ከትቼ አወጣሁት። ፈሳሹ የቀረው እንጨቱ ላይ በሚይዘው አመዳይ ነው የሚለካው፤ ጧት አራት ጣት የነበረው አንድ ጣት አይሞላም። ቶሎ ከደንኩት።

8፡30፣ የመልስ መንገድ

የጧቱ ረዳት ነው። «ብርዱ መጣ!» ብሎ መስኮቱን ራሱ ከፈተልኝ። ይርጋ በየኬላው «አለ?» ይለኛል፤ ክዳኑ ሥር ጭሱን አይቼ «አለ» እለዋለሁ።

10፡00፣ ቤተ ሙከራ

መለኪያው ጫፍ ላይ ጥፍር የምታህል አመዳይ ቀርታለች። ደርሰናል! የይርጋን ዘር ወደተሞላው ታንኩ መለስን፤ ሩዙን መሣሪያው ላይ አስቀመጥኩ። የንቅጥቅጡ መስመሮች ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ተለያይተው ወጡ። ደስታዬን የምነግረው አጥቼ ለይርጋ አሳየሁት። «ያምራል» አለኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀኝም።

ይህን ማስታወሻ ስገለብጥ ሦስት ሳምንት አልፏል። ትናንት ስልኬ ጮኸ።

«ዶክተር፣ ላሚቱ ጭጭ ብላለች! ያዘች!»

ዶክተር አለመሆኔን ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት።

«ሩዙስ?» አሉኝ።

«እሱም ይዟል፣ እትዬ።»

እልልታቸውን ሲያቀልጡት ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት።