የሸጌ ቆሽት

ይህን የሐኪም ቤት ፊልም ወደ ፀሐይ አንሡና እዩት። እዚህ፣ ከጨጓራ ጀርባ፣ ወፈር ቀጠን፣ ወፈር ቀጠን የሚል መስመር አለ። መቁጠሪያ ይመስላል። አይደለም። የሸጌ ቆሽት ቱቦ ነው።

ሸጌ እንግዳ በበቅሎ እየጫነች ወደ አሸተን ማርያም የምታወጣ ሴት ናት። «ሴት በቅሎ ጎታች!» ብለው የሳቁባትን ሁሉ ዳገቱ ላይ ጥላቸው ትሄዳለች። ስድስት ዓመት ግን እህል በቀመሰች ቁጥር ከእምብርቷ በላይ የሚነሣ ሕመም ጀርባዋን ሲበሳት ኖረ። ቀሚሷ ሰፋት። ጨጓራ ነው ተባለች፤ የጨጓራ ኪኒን ዋጠች።

ደሴ ላይ የመረመረቻት ዶክተር የትናየት ናት እውነቱን የነገረቻት።

«ቆሽትሽ ተቆጥቷል። አንዴ አይደለም፣ ለዓመታት። ቱቦው ሲቆስልና ሲጠግግ ኖሮ ዙሪያው ጠባሳ ሆኗል። አንዱ ጋ ጠቧል፣ አንዱ ጋ ተለጥጧል፣ ድንጋይም ቋጥሯል። የውስጥ ሽፋኑም መልኩን እየቀየረ ሊሆን ይችላል።»

«ካንሰር ነው?»

«አላልኩም። ግን እንዲህ የከረመ ቱቦ ዝም አይባልም። አዲስ አበባ ሄደሽ ይከፈት፣ ናሙናም ይወሰድ።»

ሸጌ አገሯ ገብታ «ቆሽቴ ተቆጥቷል» አለች። አለቀ! አገሩ የሰማው የለመደውን ነው። «ማን አሳረራት?» ተባለ። መልሱም ወዲያው ተገኘ፤ የወንድሟ ሚስት ባንቺዓለም። በበቅሎ ማሰሪያ ቦታ ተጣልተው አይነጋገሩም ነበርና።

የነፍስ አባቷ መምሬ ሰይፈ ሥላሴ ሽማግሌ ሰበሰቡ። የእርቁ ቀን ከአዲስ አበባው የሐኪም ቀጠሮ ጋር ገጠመ። አክብራቸው ቀረች። ታረቁ፤ ቀጠሮው አለፈ። ሌላ ለማግኘት ሦስት ወር ጠበቀች፣ ሕመሙ ግን አልጠበቃትም።

ልትሄድ በተነሣችበት ጠዋት እንደገና አስጠሯት። ለምን? ሕመሙ ስላልለቀቃት እርቁ አልያዘም ተብሎ!

«ልጄ፣ ቂም ቋጥረሻል» አሉ መምሬ።

«አባቴ፣ የቋጠርኩት ድንጋይ ነው። ድንጋይ ደግሞ ይቅርታ አይሰማም።»

«አረቄ ይሆናላ» አለ አድማሴ የሚባለው ሽማግሌ።

«አልጠጣም። ብጠጣስ? ለጠጪ ሐኪም አይገባውም?»

ይኼኔ ባንቺዓለም ብድግ አለች። «እኔ ቆሽቷን ማሳረር ብችል ጉበቷን እተውላት ነበር?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ወደ ሸጌ ዞረች።

«አንቺ ደረቅ፣ ሂጂ! በቅሎሽን እኔ አበላለሁ። ስትመለሺ ጠባችንን ካቆምንበት እንቀጥላለን።»

ሸጌ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

«ሳትባረኪ?» አሉ መምሬ።

«ስመለስ ይባርኩኛል፣ አባቴ። መኪናው አይጠብቅም።»

ሄደች። ቱቦው ተከፍቷል፤ የናሙናው ውጤት ገና ነው። ይህን ትርፍ ፊልም «ለማያምነኝ አሳይልኝ» ብላ ሰጥታኝ ነበር የሄደችው፤ ይኸው አሳየሁ። ውጤቱ መልካም ይሁን ክፉ፣ የጠፋው ሦስት ወር አይመለስም። ያጠፋነውም እኛ ያገሯ ሰዎች ነን፣ በአንዲት ቃል።

እባካችሁ፣ ነገ አንድ ሰው «ቆሽቴ» ሲላችሁ «ማን አናደደህ?» አትበሉት። «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» በሉት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙት።