የቅቤው ቋጠሮና የፕሪንተሩ ፊርማ

ልጆቹ «ያቺን እሑድ ንገሪን» ብለው አላስቀምጥ አሉኝ። መቀመጥማ ድሮም አልችልም። ዲምቱ ላይ ወንድ ልጄ ጋ፣ ቤሌ ላይ ሴት ልጄ ጋ፣ ሶዶ ከተማ የልጅ ልጄ ጋ እየዞርኩ ነው የምኖረው፤ ፌስታሌ ሁልጊዜ በር አጠገብ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ፤ መንገድ ስስት ይመልሱኛል።

ታላቅ እህቴ ሻንቶ ላይ ቅዳሜ ዐረፈች። ቀብሩ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው ተባለ። ዛሬ ዛሬ በእኛ አገር ሬሳ ሲወጣ ትልቅ ፎቶ ከፊት ይቀድማል። ፎቶ ከሌለ ለቀስተኛው ዐይኑን የሚጥልበት ያጣል። እህቴ ደግሞ በዕድሜዋ አንድ ፎቶ ብቻ ነው የተነሣችው፤ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ስትስቅ። ወረቀቱን የጣራ ፍሳሽ አበላሽቶት ነበር። ደግነቱ የልጅ ልጄ ቀድማ ኮምፒዩተሯ ውስጥ አስገብታዋለች። ሶዶ መናኸሪያው ማዶ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አላት። «በቀለም፣ ትልቅ አድርጌ አወጣዋለሁ» ብላ ለእህቴ ልጅ በስልክ ቃል ገባች። እኔም ይዤው ልሄድ ሱቋ መጣሁ።

የራሷ ፕሪንተር ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚያወጣው። ባለቀለሙን ከጓደኛዋ ተውሳ አመጣች፤ ኮምፒዩተሩ ግን እንግዳውን አላወቀውም። እንዲግባቡ ከኢንተርኔት ፕሮግራም መውረድ አለበት አለች። እሑድ ስለሆነ ሌላው ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፤ ሰው ጸሎት ላይ ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ «ሻንቶ! ሻንቶ!» የሚለውን ረዳት እሰማለሁ። አንዱ ሚኒባስ ሞልቶ ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል። ገባሁ፣ ወጣሁ።

«ወረደ» አለች። ነጠላዬን አጣፍቼ ፌስታሌን አነሣሁ።

«ወዴት ነው አያቴ? ገና አልከፈትኩትም እኮ።»

«ወረደ አላልሽም?»

«መውረድ ሌላ፣ መክፈት ሌላ።»

የማውዙን ቀኝ ቁልፍ ተጫነች፤ ኮምፒዩተሩ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ተከፈተች። እሷ ላይ አፈጠጠች። ከዚያ እጇን ከማውዙ ላይ አነሣች።

«ፊርማው የሌላ ነው።»

«ኮምፒዩተር ደግሞ ይፈርማል?»

«ፕሮግራሙን ያወጣው ድርጅት ይፈርምበታል። ይሄ ከላይ ሲታይ የፕሪንተሩ ነው፤ የፈረመበት ግን ሰምቼው የማላውቅ ድርጅት ነው።»

በዚህ መሐል የጓሮውን ክፍል የተከራየው የዩኒቨርሲቲ መምህር ሐዘናችንን ሰምቶ ገባ። አገሩ ሩቅ ነው፤ ለእኛ ግን እንደ ልጅ ነው። «እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለኝና ወደ መስኮቷ አጎነበሰ። «ታዲያ ፊርማ አለው አይደል? ክፈቺዋ! ሰዓቱ ሄደ።»

«ተባረክ! ሰው ተናገረ» አልኩ።

«መምህር፣ ተማሪህ ክፍል ሳይመጣ ሌላ ሰው ልኮ ቢያስፈርም ‹ፊርማ አለ› ብለህ ታሳልፈዋለህ?» አለችው።

«ኧረ እሱስ አላሳልፍም» ብሎ ሳቀ።

በስልኳ የድርጅቱን ስም ፈለገች። ከየአገሩ የተማረረ ሰው ጽፎበታል። «ሌባ እንኳ አይደለም» አለችኝ። «ያልጠሩት እንግዳ ነው። እሱን አስገባለሁ ስትዪ ዘመድ አዝማዱን ይዞ ይገባል፣ ማስታወቂያውን ይዘረጋል፣ ውጣ ቢሉት አይወጣም።»

«እንደ እኔ ነዋ!»

መምህሩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ባለፈው ክረምት እንዲህ ያለ እንግዳ ገብቶባት ማሽኑ ታጥቦ ነው የዳነው፤ የሰው ሁሉ ጽሑፍ አብሮ ታጥቦ ጠፍቷል። እሱን ዐውቃለሁ። ዐውቄም ግን አላስችል አለኝ።

«እህቴ ያለ ፊት ልትቀበር ነው? ክፈቺው በቃ!» ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ።

ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «አያቴ፣ እህትሽ ቅቤዋን በምን ነበር የምታስረው?»

«በቃጫ ነዋ።»

«ማንም እንደ እሷ ያስረዋል?»

እህቴ ቃጫውን ሁለቴ አዙራ፣ ጫፉን ከኮባው ሥር አስገብታ፣ ወደ ግራ ትስበው ነበር። ሻንቶ ገበያ ሰው ቅቤዋን ከመቅመሱ በፊት ቋጠሮዋን ያያል። ቅቤው በሰው እጅ ተልኮ መንገድ ላይ ተፈትቶ ሙዝ ቢደባለቅበት፣ መልሶ እንደ እሷ የሚቋጥረው የለም። ላሞቿን አይተን ባናውቅም ቋጠሮዋን እናውቃለን።

«ሌላ ሰው የቋጠረውን ‹የእሷ ነው› ቢሉሽ ትገዢያለሽ?»

«አልገዛም።»

«ታዲያ ለእሷ ፎቶ ብዬ እኔ ልግዛ?»

ተቀመጥኩ። ወዲያው ደግሞ ተነሣሁ።

እሷ ያንን አጥፍታ የፕሪንተሩ ሠሪ ራሱ ካለበት ገጽ ማውረድ ጀመረች። ኔትወርኩ ይሳባል። መምህሩ «በእኔ ስልክ ተያያዢ» ብሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሐዘንተኛ ይመስል ጉንጩን ይዞ ቀስ እያለ የሚሞላውን የማውረጃ መስመር ማየት ያዘ። የእህቴ ልጅ ደወለች። «የት ደረሳችሁ? ሊወጣ ነው እኮ!»

«መንገድ ላይ ነን» አልኳት። አንድ እግሬ ከደጅ ስለነበር ውሸት አይባልም።

ሲወርድ እንደገና ቀኙን ቁልፍ ተጫነች። እኔም በትከሻዋ በኩል አየሁ፤ ባላነብም፣ በፊርማው ላይ ያለው ስምና በፕሪንተሩ ግንባር ላይ ያለው ስም መልካቸው አንድ ነበር። «ከተፈረመ ወዲህም ማንም አልነካውም ይላል» አለችና ከፈተችው። ፕሪንተሩ አቃሰተ። መጀመሪያ ሻሿ ወጣ፤ ከዚያ ዐይኗ፣ ጥርሷ፣ በመጨረሻ እጆቿና ቅቤው። የልጅ ልጄ ከእኔ ቀድማ አለቀሰች።

ቀለሙ እንዳይነካ ወረቀቱን ካርቶን ላይ አድርጌ፣ እስከ ሻንቶ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። ሾፌሩን «ልጄ፣ ትንሽ ፈጠን በል» ስለው፣ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ደግሞ «ቀስ በል!» ስለው፣ «እማማ፣ የቱን ልያዝ?» አለኝ። ስንደርስ ሬሳው ከግቢው በር እየወጣ ነው። የእህቴ ልጅ ፎቶውን ነጥቃኝ ከፊት ቆመች። ለቀስተኛው ፊቷን አየ። አንድ ሽማግሌ «ይኸው፣ ገበያ እየሄደች ነው» አሉ፤ ያኔ ልቅሶው ገነፈለ።

ከዚያ ዓመታት አልፈዋል። ልጆቹ ፎቶውን ስልኬ ውስጥ ጫኑልኝ፤ በሄድኩበት አሳየዋለሁ። በቀደም ቤሌ ላይ ለልጄ ጎረቤት አሳየኋት፤ ጉልበት ሳላት ቅቤ ትሸጥ የነበረች አሮጊት ናት። ስልኩን ከዐይኗ አራቀችው፣ አቀረበችው። ዐይኗ ፊቱን አልፎ እጆቹ ላይ ቆመ።

«ይሄማ የእኔ ቋጠሮ ነው» አለች። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ፊቷን እንጂ ቋጠሮውን አስተውዬው አላውቅም።

እህቴ በየገበያው ቀን ቤሌ እሷ ጋ ልትገዛ ትመጣ ኖሯል። ኮባውን እዚያው በአሮጊቷ ፊት ትፈታዋለች፣ ቅቤውን አውራ ጣቷ ላይ አቅልጣ ታሸታለች፣ ያልጣማትን ትመልሳለች። የጣማትን ብቻ በራሷ ቋጠሮ መልሳ አስራ ወደ ሻንቶ ትወስዳለች። ላም አልነበራትም። በፎቶው ላይ የያዘችው ገና ያልፈታችውን የአሮጊቷን ቅቤ ነው።